ዓይኑ የተሰፋው ካሜራ

የጋሽ ፈገግ አስከሬን የተገኘው ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከፎቶ ቤታቸው ወደ ምድር ቤቱ ጨለማ ክፍል በሚያወርደው ደረጃ ግርጌ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ደንበኛውን ሁሉ «እስቲ ፈገግ በል፣ እስቲ ፈገግ በይ» ሲሉ ስለኖሩ፣ እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ሰፈሩ ከረሳው ቆይቷል። አንድ ጫማቸው ከላይኛው እርከን ላይ ቀርቷል። እሳቸው ታች በጀርባቸው ተንጋለው፣ አንገታቸው አንገት በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል።

መርማሪዋ ስትደርስ ነገሩ አልቆ ጠበቃት። ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ናት፣ ትንሽ ናት፣ ከገባችበት ደግሞ ሳትወጋ አትወጣም። ስሙን ሰምታዋለች፤ አልጠላችውም። የምርመራ ክፍሉ ኃላፊ ከፎቶ ቤቱ መሃል ቆሞ፣ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ ወንጀለኛውን ነገራት።

ከደረጃው አናት ላይ ያለው አምፖል አልበራ ብሎ ነበር። አንድ ፖሊስ ወንበር ላይ ወጥቶ ጠበቅ ሲያደርገው በራ። አልተቃጠለም፤ ላልቷል። አምፖል ደግሞ በገዛ እጁ አይላላም። እንግዲህ ሽማግሌው በጨለማ ሲወርዱ እንዲወድቁ ያሰበ ሰው አለ። በቤቱ የነበረችው ልጃቸው ብቻ ናት፤ ከጓሮው ክፍል የቆዳ ቦርሳ በመኪና ትሰፋለች። ትናንት አመሻሽ ላይ አባቷ ላይ ስትጮህ ጎረቤት ሰምቷታል። ይህን ሁሉ ኃላፊው በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ትቀርባለች» አለ። «አንቺ ወረቀቱን አሟልተሽ ፈርሚ።»

«ያላየሁትን አልፈርምም።»

«ምኑን ነው የምታዪው? ያለቀ ነገር ነው እኮ።»

«ካለቀማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢቆይ አይበላሽም» አለች መርማሪዋ።

ኃላፊው ፊቱን ቅጭም አደረገ። ዛሬ ጠዋት አገር «አርቲስቱ» የሚለው የታወቀው ፎቶ አንሺም እዚህ እንደነበረ፣ ቃሉንም በትህትና እንደሰጠ ነግሯት፣ ትልቅ ሰው ስለሆነ እንዳታመላልሰው አስጠንቅቋት ወጣ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል አለች በልቧ፤ ጮክ ብላ ያላለችው ለማዕረጉ ብላ ነው።

ከደረጃው ጀመረች። እርከኖቹ አሥራ አራት ናቸው። መደገፊያው እንጨት ላይ፣ አንድ ከላይ አንድ ከታች፣ ጣት የምታህል የቆዳ ቀለበት በሰም ክር ተሰፍታ ገብታለች። ለጌጥ እንዳትባል ማንም አያያትም። የሟቹ ኪስ ውስጥ መሀረብና ቁልፍ ብቻ ነበር። በአካባቢያቸው ምንም የወደቀ ዕቃ የለም።

ካሜራውን ፎቅ ላይ፣ በፎቶ ክፍሉ ግድግዳ መስቀያው ላይ ተንጠልጥሎ አገኘችው። በአንድ ጥቅል አሥራ ሁለት ፎቶ ብቻ ከሚያነሱት፣ ትልቅ ፊልም ከሚበሉት፣ ደረት ላይ ተንጠልጥለው ከላይ ወደ ታች ከሚታይባቸው አሮጌ ካሜራዎች አንዱ ነው። ከፍታ አየችው፤ ፊልም የለውም። ግን ምን ነክቶታል? የርቀት ማስተካከያው ቀለበት ጠርዝ በሞረድ ተሞርዷል፤ አንድ ቦታ አንድ ጭረት፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት፣ ከዚያም አራት። በብርሃን ማስገቢያው ቀለበት ላይ የደረቀ የሙጫ ጠብታ ተሰልፏል። ከሌንሱ ሥር ረዥም ገመድ ተንጠልጥሏል፤ ገመዱ አራት ቦታ ተቋጥሯል። ከሁሉ የባሰው ግን ከላይ ነው። ፎቶ አንሺው ጎንበስ ብሎ የሚያይበት መስኮት እንደ ኮፍያ ልክክ ባለ ቆዳ ተሸፍኖ፣ ዙሪያውን ጥቅጥቅ ተደርጎ ተሰፍቷል። የካሜራውን ዓይን ሰፍተውታል። ክሩ ከደረጃው ቀለበት ክር ጋር አንድ ነው።

ካሜራውን ይዛ ጣቢያ ሄደች። ልጅቷ ሠላሳውን አልፋለች፤ ጣቶቿ በመርፌና በክር ተበልተዋል። ያለቀሰችበት ፊቷ ደርቆ፣ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። መርማሪዋ ስለ ትናንቱ ጩኸት ጠየቀቻት፤ የሰማው ይንገርዎት አለቻት።

«‹እኔ በሕይወት እያለሁ አንተ ይሄን በር አትዘጋም› ብለሻል ይላሉ።»

«ብያለሁ። ዛሬም እላለሁ።»

«ካሜራውን የሰፋሽው አንቺ ነሽ?»

የልጅቷ ፊት ያን ጊዜ ብቻ ተናወጠ። «ስለ ካሜራው አልናገርም» አለች።

«የምትናገሪው ያወጣሽ ይሆናል።»

«ላባቴ ቃል ገብቻለሁ። ለዳኛ ብዬ አላፈርሰውም።»

«እሳቸው እኮ አሁን የሉም፣ ልጄ።»

«ቃሉ አለ» አለች። «ከፈለጉ ይፍረዱብኝ። ከኔ አንድ ቃል አያወጡም።»

መርማሪዋ በዚህ ሥራ ሃያ ሦስት ዓመት ስትቆይ የፈራ ዝምታም፣ የተንኮል ዝምታም አይታለች። ይሄኛው ግን ሌላ ነበር። ልጅቷ የምትጠብቀው ራሷን አይደለም። መርማሪዋ ካሜራውን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወጣች።

ካሜራ ጠጋኙ ሰፈሩ ውስጥ «ብሎን» ነው የሚባለው፤ ሱቁም ኪሱም፣ አንዳንዴ አፉም ብሎን ስለማይጠፋው። ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ ስታኖርለት እንደ ታመመ ዘመድ አየው። ከዓመት በፊት ለጋሽ ፈገግ የሸጠው እሱ ነው። ያገለገለ ቢሆንም ጭረት እንኳ አልነበረበትም አለ። ከአራት ወር በኋላ ብርሃን ያስገባል ብለው ሲያመጡለት እንዲህ ሆኖ አገኘው።

«ጋሼ፣ ምን ነክቶዎት ነው? አልኳቸው። የሚያዩበትን ደፍነው ምን ሊያነሱበት ነው? ሳቁብኝ እንጂ አልመለሱልኝም። ሁለተኛ አልነካልዎትም ብዬ ተጣላኋቸው።» ብሎኑን ከአፉ አወጣ። «ታዲያ የሚያናድደው ምን መሰለሽ፣ ፎቶዎቹ ያምሩ ነበር።»

ጠዋት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ከአንድ ደንበኛ ጋር ሰዓት ሲፈታ ነበር። ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረውም።

ከፎቶ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ ደግሞ፣ ለአንድ ጥያቄ አሥር መልስ የሚሰጥ ሰው ነው። የትናንቱን ጩኸት የሰማው እሱ ነበር፤ መናገሩ አሁን ይቆጨዋል። ጋሽ ፈገግ በየቀኑ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት አደባባዩ ላይ ሰው ሲያነሱ ይውሉ ነበር። ዛሬ ከአደባባዩ የቀሩት የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሰዎች አራት ሰዓት ላይ ስለሚመጡ ነው። የአርባ ዓመት ኔጋቲቫቸውን፣ ፎቶው የሚታተምበትን ዋናውን ፊልም፣ በሙሉ ሊያስረክቧቸው ነበር፤ ይህንንም ለሰፈሩ ሁሉ ነግረዋል። አርቲስቱን ሦስት ሰዓት ግድም ከፎቶ ቤቱ ሲወጣ አይቶታል። በዚያ ፀሐይ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ነበር።

ከመስታወቱ በላይ የራሱ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ባለፈው ወር ጋሽ ፈገግ ያነሱት። መርማሪዋ ወደ እሱ ቀና ስትል ፀጉር አስተካካዩ ሳቁ አመለጠው።

«ገመዱን አፍንጫህ ላይ አድርገህ ያዝ ይሉሃል እኮ! እንደ ጥጃ ታስሬ ቆምኩ። ከዚያ ልቀቀው አሉኝ፣ እያወሩኝ ዓይን ዓይኔን እያዩ ቀጭ! ማንንም አይምሩም፤ የባንኩን ሥራ አስኪያጅ እንኳ ገመድ አስይዘውታል።»

«ሁሉንም ሰው?»

«ይሄን ካሜራ ከገዙ ወዲህ ያለ ገመድ ያነሱት ሰው ካለ አምጪልኝ።»

አርቲስቱ በትልቁ ቢሮው ተቀበላት። በወጣትነቱ የጋሽ ፈገግ ተለማማጅ ሆኖ የካሜራ እግር ይሸከም ነበር፤ ከሳቸው ቤት ከወጣ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ዛሬ ከጀርባው በግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ የማያውቅ የለም። ጎርፍ ባጥለቀለቀው መንገድ አንድ ሽማግሌ ትልቅ መስታወት ተሸክሞ ሲሻገር፣ በመስታወቱ ውስጥ ሰማዩ ሁሉ ይታያል። በቀን መቁጠሪያ ላይ ታትሟል፣ በየመሥሪያ ቤቱ ተሰቅሏል፤ አርቲስት ያሰኘውም እሱ ነው። ቆማ አየችው፤ አመሰገነችለትም። አርቲስቱ ሀዘኑን በደንብ ይናገራል። መምህሩን ሊጠይቅ ሄዶ ለማስታወሻ አንድ ፎቶ እንዲያነሱት ለመናቸው።

«እንደ ድሮው አንገታቸውን ደፍተው፣ ካሜራው ውስጥ ከላይ ትኩር ብለው አይተው፣ አንዴ ቀጭ አደረጉኝ። ከዚያ ፊልሙን አውጥተው ሊያጥቡ ወረዱ። እኔም ወጣሁ።»

«ሌላ ያሉዎት ነገር የለም?»

«‹ፈገግ በል› ነው ያሉኝ። ሌላ ምን ይላሉ?» ዓይኑን በመሀረብ ነካ ነካ አደረገ። «ያ የደረጃ መብራት እኮ ድሮም ያስቸግር ነበር። ስንቴ ነገርኳቸው።»

መርማሪዋ አመስግና ወጣች። ወደ ፎቶ ቤቱ ተመልሳ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ካሜራውን አንገቷ ላይ አጠለቀች። ለረዥም ጊዜ አየችው። ማየት አልጠቀማትም። ስለዚህ ዓይኗን ጨፈነች፤ ጣቷንም በተሞረደው ቀለበት ላይ አኖረች። ከዚያ ተነሥታ ዓይኗን እንደ ጨፈነች ወደ ደረጃው ሄደች። መደገፊያውን ይዛ፣ የቆዳ ቀለበቷን ነክታ፣ እስከ አሥራ አራት ቆጥራ ወረደች፤ አንድ ጊዜም አልተሰናከለችም። ታች ስትደርስ የሁለተኛዋ ቀለበት መዳፏ ውስጥ ገባች። ዓይኗን ስትገልጥ እንባ ነበረበት። በማን እንደተናደደች በደንብ ታውቅ ነበር።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ፎቶ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። ልጅቷ እጇ በካቴና እንደታሰረ ከፖሊስ ጋር ቆማለች። ብሎንና ፀጉር አስተካካዩ አግዳሚው ላይ ናቸው። አርቲስቱ ሰዓቱን ያያል። ኃላፊው አርቲስቱን በማስጠራቷ ብግን ብሏል።

«ጌታዬ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ» አለችው መርማሪዋ።

«ቀልድ የምንቀልድበት ሰዓት ነው?»

«ይጨፍኑ። ካልሆነ አልፈርምም።»

ኃላፊው ጨፈነ። ካሜራውን አንገቱ ላይ አጠለቀችለት፤ የገመዱን ጫፍ ፀጉር አስተካካዩ አፍንጫው ላይ ያዘ። ኃላፊው ገመዱን በእጁ እንዲከተል ነገረችው፤ ስንት ቋጠሮ እንደቆጠረ ጠየቀችው። ሦስት አለ። ቀለበቱን አዙሮ ሦስት ጭረት ያለበትን እንዲያገኝ ነገረችው። አገኘው።

«ርቀቱ ተስተካከለ» አለች። «የሙጫው ጠብታ ደግሞ አንዱ ለፀሐይ፣ ሁለቱ ለጥላ፣ ሦስቱ ለቤት ውስጥ ነው። አሁን ያንሱት። ዓይንዎ ለምን ያስፈልግዎታል?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

«ይሄን ካሜራ ያበላሸው የለም፣ ጋሽ ብሎን። ለአንድ ሰው ልክ ሆኖ ተሰፋ እንጂ። ላይኛው መስኮት የተደፈነው የሚያይበት ስላልነበረ ነው፤ ክፍት ሆኖ አቧራ ከሚጠጣ ይዘጋ ተባለ። ጋሽ ፈገግ ቢያንስ ላለፈው አንድ ዓመት ዓይነ ስውር ነበሩ።»

ገመዱ ከፀጉር አስተካካዩ እጅ ወደቀ። ዓይን ዓይኑን እያዩ እኮ ነው የሚያወሩት ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ወደ ድምፁ እንጂ ወደ ዓይኑ እንዳልነበረ ገባው።

መርማሪዋ ቀጠለች። ምድር ቤት ፊልም የሚታጠበው በድቅድቅ ጨለማ ነው፤ እዚያ ዓይን ያለውም የሌለውም እኩል ነው። ደረጃውን በቀለበትና በቁጥር ይወርዳሉ። ክሩ የቦርሳ ክር ነው፤ ስለዚህ ልጃቸው ከሁሉ ቀድማ ታውቃለች፤ የሠራችውም እሷ ናት። ወደ ኃላፊው ዞረች።

«አባቷ እንደማያዩ የምታውቅ ልጅ አምፖል አላልታ ምን ታገኛለች? ለሳቸው ያ ደረጃ በርቶም ጠፍቶም አንድ ነው። አምፖሉን የነካው አለማየታቸውን የማያውቅ ሰው ነው። ጨለማው እንዳልጣላቸው ካወቅን ደግሞ፣ የጣላቸው እጅ ነው። አምፖሉ ከወደቁ በኋላ ነው የላላው፤ አደጋ እንዲመስል።»

«ያላወቀው እኮ ሰፈሩ ሁሉ ነው» አለ ኃላፊው፤ ድምፁ ግን ለስልሷል።

«ልክ ነው። ጋሽ ብሎንም አያውቁም፣ ጎረቤትም አያውቅም። ግን አንዱ ካሜራው መደፈኑን በዓይኑ አይቷል፤ ሌላው ገመዱን በአፍንጫው ቀምሷል። ዛሬ ጠዋት በዚህ ካሜራ ተነሣሁ ያለ አንድ ሰው አለ። አንገታቸውን ደፍተው፣ ከላይ ትኩር ብለው አይተው አነሱኝ አለ። የተሰፋ ቆዳ ውስጥ ምን ያያሉ? ገመዱን አልያዘም። ሊያጥቡት ወረዱ ያለው ፊልም ደግሞ በኪሳቸውም በደረጃውም የለም። እዚህ ቤት ፎቶ እንዴት እንደሚነሣ የሚያውቀው ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ነው፤ የነገረኝም የዚያን ጊዜውን ነው።»

አርቲስቱ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ሐዘን ላይ ሰው ይቀላቅላል፣ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል አለ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ የሱ ግን እስከ ማታም አልቆየለትም። መርማሪዋ የልጅቷን ካቴና አስፈታች፤ ሁሉም ተያይዘው ምድር ቤት ወረዱ። ኔጋቲቮቹ በመደርደሪያ ላይ በወረቀት ከረጢት ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ከረጢት ጠርዙ ላይ በመቀስ ተነክሷል። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ጣቷን በከረጢቶቹ ጠርዝ ላይ አስኬደች። መሃል ላይ ጣቷ ቆመ።

«አንድ የለም» አለች። «የጎርፉ ዓመት ነው። መስታወት ተሸካሚው።»

ሁሉም ወደ አርቲስቱ ዞሩ። ኃላፊውም ዞረ።

«ያነሣሁት እኔ ነኝ!» አለ አርቲስቱ።

«አባዬ ነው ያነሣው» አለች ልጅቷ። «አንተ ዣንጥላ ይዘህለት ነበር። የሙያ ልጄ ነው፣ ይብላበት ብሎ አሥራ ስምንት ዓመት ዝም አለልህ። ለቤተ መጻሕፍቱም ሲሰጥ ስምህን ሊያነሣ አላሰበም።»

አርቲስቱ የታችኛው እርከን ላይ ቁጭ አለ። አደባባይ ይሆናሉ ብሎ እንደ ገባ፣ ኔጋቲቩን ኮቱ ውስጥ ከትቶ ወጥቶ የደረጃውን አፍ እንዳለፈ፣ ሽማግሌው ከወዲያ መጥተው ሊወርዱ ሲሉ ወደ እሱ ዞረው አፍንጫው ሥር እንደቆሙ ተናገረ። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ለማንም ሳይሆን ለራሱ የሚያወራ ይመስል ነበር።

«ፊት ለፊት አዩኝ። ዓይኔን ነው ያዩት። አይተውኝ ሲያበቁ ‹ማነው?› አሉኝ። አምስት ዓመት ዕቃቸውን ተሸክሜ፣ አገር የሚያውቀኝ ሰው፣ ‹ማነው› አሉኝ። ናቁኝ። ለቤተ መጻሕፍቱ ሰዎችም ሊነግሩ ነው አልኩ… ገፋኋቸው።»

ልጅቷ ፊቱ ሄዳ ቆመች። አልጮኸችም።

«አልናቀህም» አለች። «ማነው ያለህ ማን እንደሆንክ ሊያውቅ ነው። ዝም ብለህ ብትቆም ኖሮ ባጠገብህ አልፎ ይወርድ ነበር።»

አርቲስቱ ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አስነሣው። ኔጋቲቩ ከቢሮው መሳቢያ ተገኘ። ኃላፊው ወረቀቱን ይዞ መርማሪዋ ዘንድ መጣ፤ የልጅቷን ስም በራሱ እጅ ሰርዞታል። መርማሪዋ አንብባ ፈረመች።

በሳምንቱ በዚያ መንገድ ስታልፍ የፎቶ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ገባች። ልጅቷ ጥቁር ለብሳ፣ ካሜራው አንገቷ ላይ ነበር። በሞታቸው ዋዜማ አመሻሽ ላይ አባቷ ደክሟቸው፣ ሰው ከመሳቁ በፊት እንዝጋው እንዳሏት ነገረቻት። ዕውር ፎቶ አንሺ ፊት ማን ይቀመጣል ብለው ነበር። ቃል ያስገቧት ይህን ለማንም እንዳትናገር ነው፤ እሷም እሺ አለች፤ መዝጋቱን ግን እምቢ አለች። አሁን ምስጢሩ ወጥቶ፣ ፀጉር አስተካካዩ ፎቶውን ከመስታወቱ አናት አውርዶ በሩ ላይ ሰቅሎታል። «ዓይነ ስውር አንሥቶኝ እንዲህ አምሬያለሁ፤ ዓይናማ ያነሣው ያሳየኝ» እያለ አላፊ አግዳሚውን ይሞግታል።

«ይቀመጡ» አለቻት ልጅቷ፤ የገመዱንም ጫፍ ሰጠቻት። «አፍንጫዎት ላይ ያድርጉት።»

«ቆዳውን አትፈቺውም? አንቺ እኮ ታያለሽ።»

«አልፈታውም።»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። በጣቷ ገመዱን ተከትላ ሁለት ቋጠሮ ቆጠረች፤ ቀለበቱንም አዙራ ሁለት ጭረት ላይ አቆመችው።

«ይልቀቁት» አለች። «እስቲ ፈገግ ይበሉ።»